ሁለቱ በአንድ ጣሪያ ሥር አያድሩም

ባለካሜራዋ ዲስክ ስትመርጥ ያያት ሰው ሐብሐብ የምትገዛ ነው የሚመስለው። ከመደርደሪያው ታወርደዋለች፣ በመዳፏ ትመዝነዋለች፣ ጆሮዋ ሥር አድርጋ ነቅነቅ ታደርገዋለች፣ ገመዱን ሰክታ ትነቅላለች፣ ደግማ ትሰካለች፣ ላላ ካለባት ቃል ሳትተነፍስ መልሳ ታስቀምጠዋለች። የሱቁ ባለቤት ዓመሏን ስለሚያውቅ አይናደድባትም። የሞቱ ዲስኮችን እየከፈተ ነፍስ ስለሚዘራባቸው ሰዉ ሁሉ «ዶክተር» የሚለው፣ ጨዋታ ወዳድ ሰው ነው።

የዚያን ቀን ግን ምርጫዋ ቅጥ አጣ። የምትሄድበት ሥራ እንደ ሰርግ አይደለም። ሰርግ ቢበላሽ ሙሽሮቹን ለምኖ፣ አልብሶ፣ ኬኩን ዳግመኛ ማስቆረስ ይቻላል፤ አድርጋውም ታውቃለች። ይህኛው ድጋሚ የለውም። ወንዙ ሊገደብ ነው፣ ሸለቆው ሐይቅ ሊሆን ነው። እሷ የተቀጠረችው ሰዎቹ ሳይነሱ፣ ቤቶቹም ውሃ ሳይውጣቸው፣ በር በበር እየዞረች እንድትቀርጻቸው ነው። ውሃው ከገባ በኋላ «ያቺን ቤት ረስቻት፣ ልመለስ» የሚባል ነገር የለም።

ዶክተር መጀመሪያ ያቀረበላት ትልቁን፣ ብዙ የሚይዘውን ነበር። እሷ ሆዱ ውስጥ የሚሽከረከር ነገር ያለው ዲስክ ለቤት እንጂ ለመንገድ አይሆነኝም አለችው። መኪና ሲዘል መርፌው ሳህኑን ይጭረዋል፣ ከተጫረ ወዲያ ለዶክተርም አይመለስ። ሁለተኛው የሳሙና ቁራጭ የሚያህል፣ ውስጡ ምንም የማይንቀሳቀስ፣ ዙሪያውን ጎማ የለበሰ ነበር። ይሞቃል ወይ አለች። ላፕቶፑ ከግድግዳ መብራት ሳይሰካ ያንቀሳቅሰዋል ወይ አለች። እዚያ ጄኔሬተር ለጥቂት ሰዓት ብቻ ነው የሚነሳው፤ እሱ ሳይጠፋ የቀኑን ሥራ ገልብጦ ይጨርሳል ወይ አለች። ዶክተር ለሁሉም መለሰ። በመጨረሻ የራሷን ላፕቶፕ አውጥታ አንድ ረዥም ፊልም ገለበጠችበትና ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ታየው ጀመር። ውጩ ላይ ትልቅ ቁጥር ተጽፎበት ውስጡ ባዶ የሆነ የውሸት ዲስክ ገበያውን ሞልቶታል አለችው።

«እንዲህ ያለ ሰውም ሞልቷል» አለ ዶክተር። «ምነው፣ ፊልሙን ጨርሰሽ ልትሄጂ ነው? ትራስ ላምጣልሽ?»

«አምጣ» አለችው፣ ዓይኗን ከላፕቶፑ ሳትነቅል።

ፊልሙ ሲያልቅ ሁለት ስጠኝ አለች። ዶክተር ሁለቱንም በወረቀት ሲጠቀልል እጁ ዘገየ። እሷን ብቻ ሳይሆን ባሏንም ያውቀው ነበር።

«ሁለተኛውን ማን ይይዝልሻል፣ እህቴ?»

«ሰው አለኝ» አለች።

ዶክተር የገመዱን ጫፍ መጠቅለል ቀጠለ። ሰው እንደሌላት ያውቃል። እንደሚያውቅም ታውቃለች። ስለዚህ ቶሎ ወጣች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለካሜራዋና ባሏ ሥራ ሲጀምሩ ያወጡት አንድ ሕግ ነበራቸው። የተቀረጸው ነገር በዚያው ቀን ሁለት ዲስክ ላይ ይገለበጣል፤ ሁለቱ ዲስኮች ግን በአንድ ጣሪያ ሥር አያድሩም። እሳት ቢነሳ፣ ሌባ ቢገባ፣ አንዱ ይተርፋል። ከተማ ውስጥ ሲሠሩ አንዱ ከእሷ ጋር ቤት ይቀራል፣ ሌላውን ባሏ እህቱ ቤት ወስዶ ያሳድረዋል። ሩቅ ሲሄዱ ባልየው አንዱን ይዞ ሌላ ማረፊያ ይከራያል። ባልና ሚስት በአንድ መኪና መጥተው በሁለት ቤት ሲያድሩ ያየ ሁሉ ተጣልተዋል ይላል። አንድ ጊዜ የማረፊያ ቤት ባለቤት የሆኑ ሽማግሌ ሊያስታርቋቸው ጠዋት ከሁለት ጎረቤት ጋር መጥተው ተቀምጠው አገኟቸው። ባሏ ሳቁን እየዋጠ ታርቆላቸው ሄደ። ማታውን ግን ያው ዲስኩን ይዞ ወደ ሌላ ቤት።

ባሏን ሁሉም «ረዥሙ» ይለው ነበር። ካሜራው የእሷ ነው፤ ድምፁ፣ መብራቱ፣ ሽቦው፣ ሸክሙ የእሱ። መቀረጽ አይወድም። ሌንሱን ወደ እሱ ካዞረችው በመዳፉ ይከልለውና «ለኔ ዲስክ አታባክኚ» ይላታል። እሷም አታባክንም። ሥራ ላይ ዲስክ እንደ ውሃ ነው፣ ሁልጊዜ ያልቃል።

ረዥሙ ድንገት ነው የሞተው። ጠዋት ደረቴን አለ፣ ከሰዓት አለፈ። ለቅሶው ላይ የሚቀመጥ ፎቶ ሲፈለግ ከመታወቂያው ላይ ካለችው ጥፍር የምታህል ጉርድ በቀር አንዲት ምስል ታጣች። ያቺ ጉርድ በትልቁ ስትታተም ፊቱ ገርጥቶ፣ ማንም የማያውቀው ሰው መስሎ ለቀስተኛው ፊት ቆመ። ታላቅ እህቱ እትዬ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ እናታቸው ከሞተች ጀምሮ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ያንን ፎቶ አዩና በሰው ሁሉ ፊት ዞረው፣

«የሰውን ሁሉ ሰርግ ስትቀርጪ ኖረሽ፣ ለራስሽ ሰው አንድ ደቂቃ አጣሽለት?» አሏት።

መልስ የሌላት ሴት ደግሞ ኩርፊያ አይከብዳትም። እትዬ ያወጡላት ቅጽል ድሮም «ችኮ» ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ እሳቸው ቤት አልረገጠችም። የመጨረሻው ሥራቸው የጡብ ፋብሪካ ፊልም ነው፤ የእሱ ሁለተኛው ዲስክ እዚያው እትዬ ቤት በቁልፍ መያዣው ቆርቆሮ ውስጥ፣ በሸሚዝ ቁልፎች መሃል ቀርቷል። እሱን ልውሰድ ብላ ከማንኳኳት አዲስ መግዛት መረጠች።

ሸለቆው ውስጥ ሥራው መልካም ነበር። ሰዎቹ ዕቃቸውን እያሰሩ ነው። ግማሾቹ በራቸውን ነቅለው ጋሪ ላይ ጭነዋል። እሷ ካሜራውን በእግሩ ታቆማለች፣ የሚናገረውን ሰው ወንበር ላይ ታስቀምጣለች፣ ከዚያ መጀመሪያ ነጩን ትሠራለች። ካሜራ ሞኝ ነው፤ ነጭ ምን እንደሚመስል ካላሳዩት ጠዋቱን ሰማያዊ፣ የአምፖሉን ብርሃን ቢጫ ያደርገዋል። ስለዚህ ከየቀረጻው በፊት አንድ ሰው ነጭ ወረቀት ተናጋሪው ፊት በሚሆንበት ቦታ ይዞ ይቆማል፣ ቀለሙ ኋላ በዚያ ይስተካከላል። ድሮ ይህ የረዥሙ ሥራ ነበር። አሁን ካሜራውን አስነስታ፣ ራሷ ሮጣ ወረቀቱን ፊቷ ላይ ትይዝና፣ ሮጣ ትመለሳለች። ወንበሩ ላይ የሚቀመጡት ሽማግሌዎች ይህን ሩጫ ሲያዩ ይስቁባታል። አንዲት አሮጊት «ልጄ፣ ረዳትሽን አሰናበትሽው?» አሏት። «እሱ ነው ያሰናበተኝ» አለች፤ አሮጊቷ ያን ቀን ሌላ አልጠየቋትም።

ችግሩ ማታ ነው። የቀኑን ሥራ ሁለቱ ዲስኮች ላይ ትገለብጣለች። አንዱ በትንሽ ከረጢት ሆኖ አንገቷ ላይ ይንጠለጠላል። ሌላውስ? ከከተማ ያመጣትን ሹፌር ለመነችው። ሹፌሩ ደግ ነው፣ ወሬኛ ነው፣ መኪናው ውስጥ ነው የሚያድረው። እሺ ብሎ ወሰደላት። ጠዋት ስትመጣ ዲስኩ የመኪናው መስታወት ሥር ፀሐይ ላይ፣ የሻይ ብርጭቆ ተቀምጦበት አገኘችው።

«ጎማ ስላለው አይንሸራተትም ብዬ ነው» አላት ሹፌሩ።

ከዚያ ወዲያ ሁለቱም ከእሷ ጋር አደሩ። ለሌላ ሰው ስጪ ብትባል ለማን? የማረፊያዋ ባለቤት ራሷ ዕቃ እየጠቀለለች ነው፣ መንደርተኛው ዛሬ አለ ነገ የለም። ለራሷ፣ ምን አለበት፣ ለጥቂት ቀን ነው አለች። አንዳንዱን ቀን ሙቀት ሲሆን ሁለቱንም ከአንገቷ አውልቃ ሻንጣ ውስጥ ትታቸው መውጣት ጀመረች። ዲስኩን መምረጥ ቀላል ነበር። ሱቅ አለ፣ ዶክተር አለ፣ ከብዙ አንዱን ማንሳት ነው። ሁለተኛውን ዲስክ የሚይዝ ሰው ግን ከመደርደሪያ አይወርድም።

አንድ ከሰዓት በኋላ ከመንደሩ ማዶ እየቀረጸች ሳለ ሰማዩ ጠቆረ። ነፋሱ መጀመሪያ አቧራውን፣ ቀጥሎ ገለባውን፣ ቀጥሎ የማረፊያዋን ቆርቆሮ ይዞት ተነሳ። ከወዲያ ማዶ ሆና ጣሪያው እንደ ወረቀት ሲገለበጥ በዓይኗ አየችው። ከዚያ ዝናቡ ወረደ። ካሜራውን ለአሮጊቷ አስታቅፋ በጭቃው ሮጠች። ስትደርስ አልጋው ረጥቦ፣ ሻንጣው ውሃ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። የመንደሩ ሰው ሁሉ፣ በራቸው፣ ወሬያቸው፣ ስንብታቸው፣ ሁለቱም ቅጂ እዚያ ውስጥ ነው። ግማሾቹ ተናጋሪዎች ደግሞ ተነስተው ሄደዋል፤ ቤታቸውም ፈርሷል።

ዲስኮቹን በቀሚሷ አድርቃ፣ የሹፌሩ መኪና ውስጥ ገብታ፣ ላፕቶፑን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ሰካች። የመጀመሪያው ተነሳ። ሁለተኛውም ተነሳ። ጎማው ውሃውን አላስገባም ነበር። እንዲህ ሆኖም አላመነችም፤ እያንዳንዱን ቀረጻ ከመነሻው ከፍታ ማየት ጀመረች። ይህን አታደርግም ነበር። በተለመደው ሥራዋ የየቀረጻው መነሻ ቆሻሻ ነው፤ ሳታየው ትቆርጠዋለች፣ ፊልሙ ሲያልቅ ከነጥሬው ቀረጻ ትሰርዘዋለች፣ ቦታ ለማትረፍ።

አሁን ግን መነሻ መነሻውን ከፈተች። አንድ ነጭ ወረቀት መጣ፤ ከሥሩ የእሷ ቀሚስ፣ ከጎኑ የእሷ ጣቶች። ቀጣዩን ከፈተች፤ ወረቀት፣ ቀሚስ፣ ጣት። ቀጣዩም ያው። ፊት የሌላት ሴት በየሰው ቤት ወረቀት ይዛ ትቆማለች። «ምነው፣ ፊትሽን ማን ሰረቀው?» አለ ሹፌሩ ሊያስቃት። አልሳቀችም። ዓይኗ ወረቀቱ ላይ ቀረ።

ረዥሙም እዚያ ነበረ። በየሰርጉ፣ በየምረቃው፣ በየፋብሪካው፣ ከእያንዳንዱ ቀረጻ በፊት እዚያች ቦታ ላይ ቆሞ ነበር። እንደ ባሏ ቆጥራው አታውቅም፤ «ነጩ» ነበር። በገዛ እጇ ቆርጣ ቆርጣ ጣለችው። የቀረ ካለ ያልተነካው ሁለተኛ ቅጂ ላይ ነው። ሁለተኛ ቅጂዎችን ደግሞ ባሏ ራሱ እያጸዳ ለሌላ ሥራ ያውላቸው ነበር። አንዱ ብቻ ቀርቷል። የጡብ ፋብሪካው፣ በሸሚዝ ቁልፎች መሃል።

በማግስቱ ሹፌሩ ነዳጅ ሊቀዳ ወደ ከተማ ሲወርድ አብራው ሄደች። ያ አሮጌ ዲስክ የሚሽከረከር ዓይነት ነው። ሳይነሳ የከረመ ዲስክ ደርቆ እንደሚቀር ዶክተር ነግሯታል። ከዚህ በላይ ግን እትዬ ጥለውት እንደሆነስ?

እትዬ ልብስ ስፌት መኪናቸው ላይ አጎንብሰው ነበር። አረጁ እንጂ አልተለወጡም፤ መርፌው በከንፈራቸው፣ ሜትሩ በአንገታቸው። በሩ ላይ ስትቆም መኪናውን አላቆሙትም።

«ችኮ መጣች» አሉ፣ ለጨርቁ።

«እንዴት ሰነበቱ እትዬ።»

«እንደተውሽኝ።»

ጭቃ የነካውን ጫማዋን አዩት፣ ቀጥለው ፊቷን አዩት፣ ቀጥለው እግራቸውን ከመርገጫው አነሱ። ባለካሜራዋ በመንገድ ያዘጋጀችው ንግግር ሁሉ ጠፋባት። ከአንገቷ ላይ ከረጢቱን አውልቃ አዲሱን ዲስክ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ይህን ያስቀምጡልኝ ብዬ ነው» አለች።

«እሱ አለበት?»

«የለበትም።»

«ታዲያ ለምን እይዝልሻለሁ?»

«ሌላ ሰው የለኝም» አለች።

ይህን ቃል ለማንም ብላው አታውቅም። እትዬ መርፌውን ከከንፈራቸው አውጥተው የመርፌ ትራሷ ላይ ሰኩት። ቆርቆሮውን ከመደርደሪያ ሲያወርዱ ቁልፎቹ ተንኮሻኮሹ። ክዳኑን ሲከፍቱት አሮጌው ዲስክ በጨርቅ ቁራጭ ተጠቅልሎ፣ ጠርዙ ተሰፍቶ፣ እንደ ሕፃን ተኝቶ ነበር። ወንድሜ አደራ ብሎ የሰጠኝ ነው፣ እሱ እስኪጠይቀኝ አልከፍተውም ብዬ ነው አሉ፤ እንደ ማፈር ብለው።

ባለካሜራዋ አልነቀነቀችውም፣ ጆሮዋ ሥርም አላደረገችውም። መዳፏ ውስጥ ይዛ ጥቂት አሞቀችውና ላፕቶፗ ላይ ሰካችው። ዲስኩ አንዴ ቀጭ አለ። ዝም አለ። ቀጭ አለ። እትዬ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ጠበቁ። ከዚያ ቀስ እያለ፣ ከእንቅልፉ እንደሚነሳ ሰው እያጉረመረመ መዞር ጀመረ።

የመጀመሪያውን ቀረጻ ከፈተች። ነጭ ወረቀት። ከዳርና ዳሩ የጡብ አቧራ የለበሱ ረዣዥም ጣቶች። ከኋላ የፋብሪካው ምድጃ ጭስ። ወረቀቱ ቆየ። ከዚያ ወረደ፣ ረዥሙም ቅንድቡ ቀይ አቧራ እንደለበሰ ቀጥ ብሎ አያቸው።

«በቃሽ?» አለ። ወደ ግራ ወጥቶ ሄደ።

እትዬ አፋቸውን በጨርቁ ያዙ። ከዚያ ድገሚው አሉ። ደገመችው። ቀጣዩንም ከፈተች፣ ከዚያም ቀጣዩን። አንዱ ላይ ያስላል። አንዱ ላይ ወረቀቱን ገልብጦ ይዞታል። አንዱ ላይ በቃሽ ካለ በኋላ መልሷን እየጠበቀ ፈገግ ብሎ ይቆማል። ሌንሱን ሳይሆን ከሌንሱ ጀርባ ያለችውን ነው የሚያየው። እትዬ ይህን ያወቁት ዘግየት ብለው ነው፤ ሲያውቁት ወደ እሷ ዞሩ።

«ወረቀቱን ለምን ፊቱ ላይ ያደርገዋል?» አሉ።

«ቀለሙ እንዲስተካከል።»

እትዬ ራሳቸውን ነቀነቁ። ስለ ለቅሶው ቀን አላነሱም፤ እሷም አላነሳችም። ወደ ጓዳ ገብተው ሻይ ይዘው መጡ፤ ብርጭቆዋን ከዲስኩ አርቀው አስቀመጡላት፤ ይህን ሹፌሩ ባየው አለች በሆዷ።

ሌላውንም አዲስ ዲስክ ከቦርሳዋ አወጣችና ረዥሙን በሁለቱ ላይ ገለበጠችው። እትዬ አሮጌውን እንደ ቀማኛ ፈጥነው ወደ ጨርቁ መለሱት፤ እሱን አልሰጥሽም አሉ። እሷም አልጠየቀችም። ከአዲሶቹ አንዱ በቁልፎቹ መሃል ቀረ፣ ሌላው አንገቷ ላይ ተመለሰ። ሹፌሩ ከውጭ ጥሩምባ ነፋ።

እትዬ በሩ ድረስ ሸኟት። እዚያ ሲደርሱ ክንዷን ያዝ አድርገው፣

«ያንቺስ ፊት የት አለ?» አሏት። «ነገ አንቺ ብትሞቺ ለኔ ምን ሊሰጡኝ ነው? መታወቂያሽን?»

«እኔ አልሞትም፣ ችኮ ነኝ።»

«ሂጂ፣ ሂጂ» አሉ፣ በእጃቸው እያባረሩ።

በማግስቱ ሸለቆው ውስጥ የቀሩት የመጨረሻዎቹ ቤቶች ነበሩ። ካሜራዋን ታቅፈው ያቆዩላት አሮጊት ወንበራቸው ላይ ሊቀመጡ በደጃፉ ይጠባበቃሉ። ባለካሜራዋ ካሜራውን አስነሳች፣ ወረቀቱን ይዛ ሮጠች፣ ፊቷ ላይ ያዘችው። ከወረቀቱ ጀርባ ነጭ ነው፣ ጸጥታ ነው፣ የራሷ ትንፋሽ ብቻ ይሰማታል። ሌላ ጊዜ እዚህ ላይ ሮጣ ትመለስ ነበር። አሁን ወረቀቱን ቀስ አድርጋ አወረደችው፤ ሌንሱን ቀና ብላ አየችው።

ከሌንሱ ጀርባ ማንም አልነበረም። የካሜራው ሦስት እግር፣ ከእሱ ወዲያ የተነቀለ በር፣ ከእሱ ወዲያ ሸለቆው።

እንዲህ ሆና ዲስክ እያባከነች ትንሽ ቆየች።

«በቃሽ?» አሉ አሮጊቷ ከደጃፉ፣ ወንበሩን እያዩ። «እግሬ እኮ ዛለ።»

ደንገጥ ብላ ዞረች። በቃኝ አለችና ወንበሩን በቀሚሷ ጠርጋ አስቀመጠቻቸው።